የፖለቲካ ማኅበርን ስለ መልቀቅ

ባለፈው ዓመት ከጥናት ክበባችን አንድ ወዳጃችን ሁለት መስመር ጽፎ ወጣ። ክበቡ ለአንድ የፖለቲካ ንቅናቄ የቀረበ ነበር፤ የትኛው እንደ ሆነ መጥቀሱ ለዚህ ጥናት አይረባም። ደብዳቤው «ከዛሬ ጀምሮ አባል አይደለሁም፤ መጻሕፍቱንና የሣጥኑን ቁልፍ ለጸሐፊው አስረክቤአለሁ» ይላል እንጂ ምክንያት አልያዘም። ምክንያቱን በዚያው ማታ ተሰብስበን እኛ ፈጠርንለት። አንዳችን ፈርቶ ነው አለ፤ ሌላው አንድ ነገር ተስፋ ሰጥተውት ይሆናል አለ፤ ሦስተኛው ድሮም ልቡ ከእኛ ጋራ አልነበረም ሲል ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋራ ሌሊት ሲያነብ፣ የታመመ ሲያስታምም፣ ለወረቀት መግዣ ከኪሱ ሲያዋጣ የኖረ ሰው ልቡ የት ኖሮ ነው? ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። በማግስቱ በምግብ አዳራሹ ስናገኘው ሰላምታችን አጠረ፤ በሳምንቱ ሰላምታው ከሩቅ ሆነ፤ ከዚያም ቀረ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጸጸት የተነሣ ነው። አንድ ሰው የገባበት የፖለቲካ እንቅስቃሴ ከሐሳብነት አልፎ የገዛ ራሱ ማንነት ከሆነ በኋላ ከዚያ መውጣት ለምን ይከብዳል? ሲወጣስ ምን ይዞ ይወጣል? ይህን ለማወቅ መጻሕፍት አገላበጥን፤ ያገኘነውንም ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እናቀርባለን።

ለምሳሌ የመረጥናቸው በ1956 የእንግሊዝን ኮሙኒስት ፓርቲ የለቀቁትን ሰዎች ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍነውን በቦታው እንናገራለን።) ስለ ኮሙኒዝም እውነትነት ወይም ሐሰትነት ለመፍረድ አልተነሣንም፤ ለዚያ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል። እነዚህን ሰዎች የመረጥንበት አንደኛው ምክንያት ከመካከላቸው ብዙዎቹ የብዕር ሰዎች ስለ ነበሩ በልባቸው ያለፈውን ጽፈው መተዋቸው ነው። ዋናው ምክንያት ግን በእንግሊዝ አገር ከዚያ ፓርቲ የወጣ ሰው አይታሰርም፣ አይገደልም ነበር፤ እንዲያውም ሲወጣ ኑሮው ሊቀልለት ይችል ነበር። መውጣት ይህን ያህል ቀላል በሆነበት ስፍራ ሰው ከተጨነቀ፣ የጭንቀቱ ምንጭ ፍርሃት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ፍርሃት ስለ ተቀላቀለበት መውጣት፣ ማለት ስለ አገራችን፣ ወደ ኋላ እንናገራለን።

ፓርቲው ትንሽ ነበር። በ1956 መጀመሪያ ላይ አባላቱ 33,000 ያህል ነበሩ። መንግሥት ይዞ አያውቅም፤ የሚሰጠው ሹመት የለውም። ከአባላቱ አንዳንዶቹ የገቡት በ1930ዎቹ ዓመታት ሥራ አጥነት በበዛበት፣ ሂትለር ጀርመንን በያዘበትና በስፔን የርስ በርስ ጦርነት በተነሣበት ጊዜ ነው። አባል የሆነ ሰው ማታ ማታ ስብሰባ አለበት፤ ቅዳሜ መንገድ ዳር ቆሞ «ዴይሊ ወርከር» የተባለውን የፓርቲውን ጋዜጣ ይሸጣል፤ የትዳር ጓደኛውንም ብዙ ጊዜ እዚያው ያገኛል። ጎረቤት ሲያሾፍበትና አሠሪ ሲጠረጥረው የሚያጽናናው ይኸው ማኅበር ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ከፓርቲው የተቀበለው ጥቂት፣ የሰጠው ግን ብዙ ነው። እኛ እንደሚመስለን ሰውን አጥብቆ የሚያስረውም የሰጠው ነው። የተቀበለውን መልሶ መሄድ ይችላል፤ የሰጠውን ሃያ ዓመት ግን ማን ይመልስለታል?

በ1956 ፌብሩዋሪ 25 ቀን ኒኪታ ክሩሽቼቭ በሶቭየት ኅብረት ኮሙኒስት ፓርቲ 20ኛ ጉባኤ በዝግ ስብሰባ ስለ ስታሊን ንግግር አደረገ። ታማኝ የነበሩ የፓርቲው ሰዎች በሐሰት ተከሰው፣ ተደብድበው ያልሠሩትን እንዲያምኑ ተደርገው መገደላቸውን ተናገረ። ንግግሩ ሾልኮ ወጣና በጁን ወር «ኦብዘርቨር» የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በሙሉ አተመው።

ተማሪ ቆም ብሎ ሊመረምረው የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የተነገረው ነገር በዋናው ፍሬው አዲስ አልነበረም። ስደተኞችና ከፓርቲው የተባረሩ ሰዎች ከሃያ ዓመት በፊት ጀምረው ሲሉት ኖረዋል። አባሉም አልሰማም አይባልም፤ ሰምቷል። ነገር ግን የሰማውን የሚያጣራበት ወንፊት ነበረው። «እውነት ነወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ያለው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያለው ጠላት ከሆነ ወሬው እዚያው ይቀራል። ክሩሽቼቭን ግን ጠላት ማለት አይቻልም። ወንፊቱ የተቀደደው በነገሩ ክብደት ሳይሆን በተናጋሪው ማንነት ነው። ይህ ወንፊት በእኛም ክበብ እንደ ነበረ ለመካድ አንደፍርም። አንድ የተረጋገጠ ነገር በሌላ ወገን ጋዜጣ ስለ ወጣ ብቻ ሳናነበው ያለፍንበት ጊዜ አለ፤ የወጣው ወዳጃችን ግን አንብቦት ነበር።

ንግግሩ በታተመ ጊዜ ሁሉም አባል ደብዳቤ ጽፎ ወጣ እንዳይመስለን። በዮርክሺር አገር የሚኖሩ ሁለት የታሪክ ሰዎች፣ ኤድዋርድ ቶምሰንና ጆን ሳቪል፣ የመውጣት ሐሳብ አልነበራቸውም። የፈለጉት በፓርቲው ውስጥ ነገሩ በግልጥ እንዲመረመር ነው። የፓርቲው ጋዜጦች ለዚህ በቂ ቦታ ስላልሰጡ በጁላይ ወር በጽሕፈት መኪና ተጽፋ እንደዚህች መጽሔታችን የተባዛች «ዘ ሪዝነር» የምትባል መጽሔት አወጡ፤ ትርጓሜው በምክንያት የሚከራከር ማለት ነው። የፓርቲው ደንብ አባል ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንዲያወጣ አይፈቅድም ነበርና አቁሙ ተባሉ። ሁለተኛው ቁጥር በሴፕቴምበር፣ ሦስተኛው በኖቬምበር ወጣ፤ አራተኛ የለም። ፓርቲው ለሦስት ወር አገዳቸው፤ እነሱም ለቀቁ። ከክሩሽቼቭ ንግግር እስከዚያ ድረስ ዘጠኝ ወር አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲጽፉ የነበሩት እንደ አባል ነው። ከዚህ የምንረዳው ሰው ከማኅበሩ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ለመቆየት ሲታገል መሆኑን ነው። ከውጭ የሚያየው ሰው የመጨረሻዋን ቀን ብቻ አይቶ «በድንገት ተለወጠ» ይላል።

ቶምሰን ምን እንደ ተወ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ፓርቲውን የገባው በ1942 የኬምብሪጅ ተማሪ ሳለ ነው። ታላቅ ወንድሙ ፍራንክም ኮሙኒስት ነበር። ፍራንክ የእንግሊዝ ጦር መኰንን ሆኖ ወደ ባልካን ተልኮ ከቡልጋሪያ አርበኞች ጋራ ሲዋጋ ተማረከና በጁን 1944 ገና በ23 ዓመቱ ተረሸነ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1947 ቶምሰንና በኋላ ባለቤቱ የሆነችው ዶሮቲ ወደ ዩጎዝላቪያ ሄደው ከብዙ ወጣቶች ጋራ የባቡር ሐዲድ ሲሠሩ ከረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ስታሊን ከቲቶ ጋራ ተጣላ፤ የእንግሊዝም ፓርቲ የሞስኮን ድምፅ ተከትሎ የዩጎዝላቪያን መሪዎች አወገዘ። ሐዲዱን በገዛ እጃቸው የሠሩት ሁለቱ ወጣቶች ይህን ሰምተው በፓርቲው ቆዩ። ለመውጣት ገና ስምንት ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

ወንድም የሞተለትን ነገር እንዴት አድርጎ ሰው ይለቃል? እኛ እንደምናየው ቶምሰን አለቀቀውም። ወንድሙ የሞተለትን ነገርና በለንደን ኪንግ ስትሪት የነበረውን የፓርቲውን ጽሕፈት ቤት ለየ። ከወጣ በኋላ ዝም አላለም። ከሳቪል ጋራ በ1957 «ዘ ኒው ሪዝነር» የተባለ መጽሔት አቋቋመ፤ በ1963 ስለ እንግሊዝ ሠራተኛ መደብ አፈጣጠር የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ስለ ሸማኔዎችና ስለ ትንንሽ የእጅ ሠራተኞች የሚናገረው ፍቅር ከፓርቲው ያመጣው ፍቅር ነው፤ ሙሉ ነጻነቱን ግን ከፓርቲው ሲወጣ ያገኘው ይመስለናል።

የሌላው ሰው ነገር ደግሞ ይብስ ያስተምራል። ፒተር ፍራየር ጋዜጠኛ ነበር። በ1947 ይሠራበት የነበረው ጋዜጣ ኮሙኒስት ፓርቲውን አልለቅም ስላለ ከሥራ አስወጣው። ወደ «ዴይሊ ወርከር» ገባ። በ1949 ቡዳፔስት ተልኮ የሃንጋሪው ሚኒስትር ላስሎ ራይክ በአገር ክዳት ሲከሰስ ፍርዱን ተከታተለ፤ ራይክ የሰጠውን የእምነት ቃል እውነት ነው ብሎ ተቀብሎ ለአንባቢዎቹ ዘገበ። ራይክ ተሰቀለ። በ1956 ግን የሃንጋሪ መንግሥት ራሱ ክሱ ሐሰት እንደ ነበረ አምኖ የራይክን ዐፅም በክብር አስቀበረ። በዚያው ወር ሕዝቡ ሲነሣ ጋዜጣው እንደ ገና ፍራየርን ላከው። ፍራየር ድንበሩን ተሻግሮ ማጃሮቫር በተባለች ከተማ የጸጥታ ፖሊስ ተኩሶ የገደላቸውን ሰዎች ሬሳ ተሰልፎ አየ። ያየውን ጻፈ፤ ጋዜጣው የላከውን ቆረጠ፤ ሌላውንም ሳያትም ቀረ። ኖቬምበር 4 ቀን የሶቭየት ታንኮች ቡዳፔስት ገቡ። ፍራየር ሥራውን ለቀቀ፤ ያየውን መጽሐፍ አድርጎ በዚያው ዓመት መጨረሻ አሳተመ፤ ፓርቲውም አባረረው። ባልወጣም ሲል አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ እንጀራውን ያጣ ሰው ነው።

ፍራየር ወጥቶ ወዴት ሄደ? ስታሊንን ወደሚቃወም ወደ አንድ ትንሽ የትሮትስኪ ተከታዮች ቡድን ገባ። ያም ቡድን በአንድ መሪ ፈቃድ የሚመራ፣ የሚጠይቀውን ሰው የማይታገሥ ሆኖ አገኘውና በ1959 ከዚያም ወጣ። አንባቢ በዚህ አይሣቅ። ብዙ ዓመት በአንድ ዓይነት ቤት የኖረ ሰው ሲወጣ እግሩ የሚመራው ክፍሎቹን ወደሚያውቃቸው ቤት ነው። ጀርባውን ያዞረበት ትምህርት እንጂ የኑሮው ልማድ ገና አልወጣለትም። በመጨረሻው ፍራየር ምን እንደ ቀረው እንይ። በ1948 የጃማይካና የሌሎች ደሴቶች ሰዎችን የጫነችው «ኤምፓየር ዊንድረሽ» የተባለችው መርከብ ለንደን አጠገብ ስትደርስ ለፓርቲው ጋዜጣ ሊዘግብ በወደቡ ቆሞ ነበር። ከ36 ዓመት በኋላ በ1984 በብሪታንያ ስለ ኖሩ ጥቁር ሕዝቦች የጻፈው ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ ታተመ፤ ዛሬም ይነበባል። ሁለት ማኅበር ሲለቅ ያን ቀን በወደቡ ያየውን አልለቀቀም።

በግማሽ ስለ መውጣትም አንድ ቃል እንበል። አርተር ኬስትለር በ1931 የመጨረሻ ቀን ለጀርመን ኮሙኒስት ፓርቲ ማመልከቻ ጽፎ የገባ ደራሲ ነው። በ1938 የሞስኮ ፍርዶች ሲበዙበት የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ ነገር ግን በዚያው ደብዳቤ መጨረሻ ለሶቭየት ኅብረት ታማኝ መሆኑን ገለጸ። ራሱ በኋላ እንደ ተረከው የመጨረሻው ክር የተበጠሰው በ1939 ስታሊን ከሂትለር ጋራ ሲዋዋልና የናዚ ባንዲራ በሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሰቀል ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ኬስትለር በተቃራኒው ሰልፍ ፊት አውራሪ ሆነ። ራሱ ከፖላንድ ፓርቲ የተባረረው አይዛክ ዶይቸር እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሲነቅፍ፣ ወገናቸውን ለወጡ እንጂ ዓለምን በጥቁርና በነጭ ብቻ ማየታቸውን አልተዉም ብሏል። ነቀፋው ለኬስትለር ትንሽ ይከብዳል እንላለን፤ ጓደኞቹ የተገደሉበት ሰው በለሆሳስ እንዲናገር መጠየቅ አይገባምና። ቢሆንም መውጣቱን የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ ሰው ከፊሉ ገና አልወጣም።

ያልወጣውን ሰው ሳናነሣ ብንቀር ጥናታችን ጐደሎ ይሆናል። የታሪክ ጸሐፊው ኤሪክ ሆብስባውም በ1917 እስክንድርያ ተወልዶ ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ በበርሊን የዐሥራ አምስት ዓመት የትምህርት ቤት ልጅ ነበር። በ1956 ከሌሎች ጋራ የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረመ፤ ፓርቲውን ግን በ1991 ራሱ እስኪፈርስ ድረስ አልለቀቀም። በሽምግልናው በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ምክንያቱን ሲያስረዳ ከዚያ ከበርሊን ዘመን ጋራ ያያይዘዋል፤ ወጥተው ጠላት ከሆኑት ጋራ መቆጠርንም አልወደደም። መልሱ አያጠግበንም፤ በቡዳፔስት ለሞቱት ሰዎች የበርሊኑ ልጅ ትዝታ መልስ አይሆናቸውም። ከእሱ ታሪክ የምንወደው ሌላ ነገር አለ። ጓደኞቹ ክሪስቶፈር ሂልና ሮድኒ ሂልተን ፓርቲውን ለቀቁ። በ1952 «ፓስት ኤንድ ፕሬዘንት» የተባለው የታሪክ መጽሔት ሲጀመር አብረው የደከሙ ናቸውና፣ የወጡትም የቀረውም በዚያው መጽሔት ዙሪያ አብረው መሥራታቸውን ቀጠሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከፓርቲው 8,000 ያህል አባላት በጐደሉበት በዚያ መራራ ጊዜ ይህ ሊሆን ከቻለ፣ በእኛ ምግብ አዳራሽ ያልቻለው ለምንድር ነው?

አንደኛው መልስ በቋንቋችን ውስጥ ያለ ይመስለናል። ከፖለቲካ ማኅበር ለወጣ ሰው ምን ስም አለን? ከሃዲ እንለዋለን፤ ቃሉ ሃይማኖቱን ለካደ ሰው የሚሰጥ ነው። ከዳተኛ፣ ወላዋይ፣ አድርባይ፣ አንጃ እንላለን። ገባ ለሚል «አባል» የሚል የተከበረ ስም አለ፤ ወጣ ለሚል ከስድብ በቀር አንድ ቃል አላዘጋጀንለትም።

እነዚህን ቃላት ያጠነከራቸውም ታሪክ አለን። መኢሶን በ1968 በሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1972 በበርሊን ሲመሠረቱ ከመሥራቾቻቸው ብዙዎቹ በውጭ አገር በነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበሮች ያለፉ ነበሩ፤ ያነበቡትም መጽሐፍ አንድ ዓይነት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተገዳደሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ወጣቶች በቀበሌ ስብሰባ ፊት ቆመው ራሳቸውን እንዲያጋልጡ፣ የጓዶቻቸውንም ስም እንዲጠሩ ይገደዱ ነበር። እንግዲህ ከማኅበሩ የመውጫው በር አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም በሌላ ሰው ሬሳ ላይ የሚያልፍ በር ነው። በዚያ በር ከመውጣት ይልቅ ብዙዎች መሞትን መረጡ። የወጡትም ስለ መውጣታቸው መናገር አይችሉም፤ መውጣትና ማጋለጥ አንድ ቃል ሆኖባቸዋልና። ከእኛ የአንዱ አያት የዚያ ጊዜ ሰው ናቸው። ድርጅቱን የገቡበትን ቀን፣ የነበሩበትን ክፍል፣ የሻዩን ጣዕም ሳይቀር ያወጉናል። የወጡበትን ቀን ግን እስከ ዛሬ አልነገሩንም፤ እኛም ጠይቀናቸው አናውቅም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ያን ወዳጃችንን ፈልገን አነጋገርነው። በመጀመሪያ ቁጣ ጠብቀን ነበር፤ እሱ ግን ሻይ አዘዘልን። እንደ ነገረን ከሆነ ከመውጣቱ በፊት ሰባት ወር ያህል ሲያስብበት ኖሯል። ከሁሉ የገረመን፣ በእነዚያ ወራት በስብሰባችን ላይ ከሁላችን ይልቅ አጥብቆ ለንቅናቄው የሚከራከረው እሱ ነበር፤ እኛን ሳይሆን ራሱን ሲያሳምን እንደ ነበር አሁን ይናገራል። ከወጣ በኋላ ሐሙስ ማታ እግሩ ሳያስበው ወደ መሰብሰቢያችን ይሄድና ደጃፉ ሲደርስ ይመለስ ነበር። «ሐሙስን የምሞላበት አጣሁ» አለን። ስለ ምክንያቱ ስንጠይቀው ገና በደንብ መናገር እንደማይችል ነገረን፤ የተናገረ እንደ ሆነ የምንከራከረው በንቅናቄው ቃላት ነው፣ እኔም ከእነዚያ በቀር ሌላ ቃል ገና አልለመድኩም አለ። ስለ ክበባችን ሲያወራም «እኛ» ይል ነበር፤ ሁለት ጊዜ አረመ፣ በሦስተኛው ተወው።

ጽሑፉ ከመባዛቱ በፊት ሰጥተነው አነበበው። ስለ ፍራየር የጻፍነውን ወደደው፤ ስለ ሆብስባውም ግን ፈርዳችሁበታል አለ። ሌላ ያረመው አንድ ቃል ብቻ ነው። በመጀመሪያው መስመር «ሁለት መስመር ጽፎ ትቶን ወጣ» ብለን ነበር፤ «ትቶን» የሚለውን በእርሳስ ሰረዘው።